ስሙ መቻል፣ ርችት የማይችል፦ ድምፅ ለሚፈራ ውሻ ጸጥ ያለ የካምፕ ቦታ አፈላለግ

ውሻዬ መቻል ይባላል። ስሙን ያወጣችለት እናቴ ናት፣ አዲስ አበባ ሆና በስልክ። ልጅ እያለሁ የግቢያችን ውሻ መቻል ነበር፣ የጎረቤታችንም መቻል ነበር፣ አንዱ ሲጠራ ሁለቱም ይመጡ ነበር። የኔው ግን ስሙን አልመሰለም። ቁመናው አንበሳ ነው፣ የመኪና በር ጓ ሲል ግን አልጋ ስር ነው የምታገኙት። ጁላይ 4፣ የአሜሪካ የነፃነት በዓል ማታ፣ ሰፈሩ ርችት መተኮስ ሲጀምር መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ገብቶ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ይንቀጠቀጣል። (ሰዓቱን ሁሉ በኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ለሱ ስል ጫካ መሄድ ስጀምር እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ውሻው ነው የሚጠብቅሽ ወይስ አንቺ ነሽ የምትጠብቂው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔ ነኝ የምጠብቀው።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ስለሆነ ቦታዎቹ የሜሪላንድ፣ የቨርጂኒያና የዌስት ቨርጂኒያ ናቸው። ሌላ ስቴት ያላችሁ ቦታውን ቀይሩ፣ አካሄዱ ያው ነው።

በመጀመሪያው ጉዟችን የተሳሳትኩት በፎቶ መርጬ ነው። ወንዝ ዳር፣ ትልልቅ ዛፎች፣ ጭጋግ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ከዛፎቹ ጀርባ የዕቃ ባቡር ጡሩንባውን ለቀቀው። ለካ የባቡር ሐዲድ አለ፣ ፎቶው ላይ የማይታይ። መቻል የድንኳኑን መረብ በጥፍሩ ቀዶ ወጣ። ያገኘሁት ሊነጋጋ ሲል ነው፣ የሰው ፒክአፕ ስር ተጋድሞ። ከዚያ ቀን ወዲህ የቦታውን ውበት መጨረሻ ላይ ነው የማየው፤ መጀመሪያ የምፈልገው ድምፅ የሚያወጣውን ነገር ነው።

1. የሚፈራውን ድምፅ ለይታችሁ እወቁ

«ድምፅ ይፈራል» ማለት ብቻውን የትም አያደርስም። ሁለት ሳምንት ያህል ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ያዙ። ምን ሰማ፣ ምን አደረገ፣ ለመረጋጋት ስንት ደቂቃ ፈጀበት። እኔ ስጽፍ ነው መቻል የማያቋርጥ ድምፅ እንደማይረብሸው ያወቅኩት። ዝናብ፣ ቬንቲሌተር፣ የሩቅ መንገድ ጉዳዩ አይደለም። የሚያጠፋው ድንገት የሚመጣው ነው፦ ርችት፣ ተኩስ፣ ነጎድጓድ፣ ብረት ከብረት ሲጋጭ። የናንተ ውሻ ተቃራኒው ሊሆን ይችላል፣ ጄኔሬተር ሲያጉረመርም ሌሊቱን ሙሉ የማይተኛ አለ።

ሰው እስከ 20,000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ) ይሰማል፣ ውሻ እስከ 45,000 ገደማ። እና እናንተ «ምንም የለም እኮ» የምትሉት ሰዓት ለሱ ምንም የለም ማለት ላይሆን ይችላል።

2. ከቦታው በፊት ቀኑን ምረጡ

በጣም ጸጥ ያለው ቦታ እንኳ በሜሞሪያል ዴይ (በሜይ መጨረሻው በዓል) ቅዳሜ ገበያ ነው። ያው ቦታ ማክሰኞ ማታ ገዳም ይመስላል። ከሥራ ፈቃድ ማግኘት የምትችሉ ከእሑድ እስከ ሐሙስ ባለው ሂዱ። ካልተቻለ ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ፣ የሴፕቴምበር ሁለተኛ አጋማሽ ጥሩ ነው።

ቦታ ሳይመርጡ የማይሄድባቸው ቀናትም አሉ። ከጁላይ 1 እስከ 7 ያለው ሳምንት አንዱ ነው፤ ሰው ጁላይ 4ን አይጠብቅም፣ ተርፎት ያደረውንም በማግስቱ ይተኩሰዋል። በብሔራዊ ፓርኮችና በብሔራዊ ደኖች ውስጥ የግል ርችት ክልክል ስለሆነ ብዙ የውሻ ባለቤት በዚያ ሳምንት ከከተማ የሚሸሸው ወደዚያ ነው፣ እኔም አደርገዋለሁ። ግን ከስር ከተማ የሚታይበት የተራራ ጫፍ ላይ አትስፈሩ። እይታው ካለ ድምፁም አለ። የመኖሪያ ቤቶች የከበቡት ሐይቅም ያው ነው፣ ክልከላው የሚሠራው ደኑ ውስጥ እንጂ በሰው ጓሮ አይደለም።

ሁለተኛው የአደን ወቅት ነው፣ እኛ ሀበሾች ብዙም የማናስበው። ቨርጂኒያና ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ኖቬምበር የአጋዘን አደን ነው፣ በጠመንጃ። ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ዋናው ወቅት ከታንክስጊቪንግ በፊት ባለው ሰኞ ይጀምራል። ኤፕሪልና ሜይ ደግሞ የዱር ቱርክ ይታደናል፣ እሱ የሚተኮሰው ጎህ ሲቀድ ነው፣ ውሻችሁ ገና ሳይነቃ። ብሔራዊ ደን ውስጥ አደን ይፈቀዳል። ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ግን ክልክል ነው። ስለዚህ በነዚህ ወራት የምሄደው ሸናንዶዋ ነው። የግድ ደን ከሆነ ውሻውም እናንተም ደማቅ ብርቱካናማ ልበሱ።

3. ካርታ ላይ ድምፅ ፈልጉ

እዚህ ላይ ጊዜያችሁን አትቆጥቡ፣ ሌላው ሁሉ ከዚህ ቀጥሎ ነው። ጉግል ማፕን ክፈቱ፣ ሳተላይቱን አብሩ፣ ካምፑን መሐል አድርጋችሁ ዙሪያውን 5 ማይል ያህል በጣታችሁ ዙሩ።

ባቡር ቀዳሚው ነው። ሐዲዱን ብቻ ሳይሆን ሐዲዱ የመኪና መንገድ የሚያቋርጥበትን ነጥብ ፈልጉ። በአሜሪካ ሕግ ባቡር መሻገሪያ ላይ ከመድረሱ ከ15 እስከ 20 ሴኮንድ ቀደም ብሎ ጡሩንባ መንፋት አለበት፦ ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር፣ አንድ ረጅም። ድምፁ ከባቡሩ ፊት ለፊት በ100 ፊት (ጫማ) ርቀት ከ96 እስከ 110 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ነው። ቀንም ሌሊትም። አንዳንድ ከተማ ጡሩንባ የማይነፋበት ክልል አስፈቅዷል፣ ጫካ ውስጥ ግን በዚያ አትመኩ። የፖቶማክን ወንዝ ተከትሎ ከጆርጅታውን እስከ ከምበርላንድ 184.5 ማይል የሚሄደው የሲ ኤንድ ኦ ካናል መንገድ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። መንገዱ ውብ ነው፣ ውሻ ይፈቀዳል፣ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ የተዘጋጁ የድንኳን ቦታዎች አሉት። ግን በረጅሙ ክፍል ሐዲዱም ወንዙን ተከትሎ ነው የሚሄደው። ቀን ለሽርሽር እንወስደዋለን፣ አናድርበትም።

ወታደር ሁለተኛው ነው። ከዋሽንግተን 35 ማይል ያህል የሚርቀው ፕሪንስ ዊልያም ፎረስት ፓርክ ለጀማሪ ቅርብና ምቹ ነው፣ ኦክ ሪጅ የተባለው ካምፑም ደስ ይላል፣ ነገር ግን የባሕር ኃይል እግረኛው ጦር የኳንቲኮ ጦር ሰፈር ጎረቤቱ ነው። ልምምድ ባለ ቀን የከባድ መሣሪያው ጉምጉምታ ፓርኩ ድረስ ይመጣል። ደግነቱ ጦር ሰፈሩ ድምፅ የሚበዛባቸውን ቀናት አስቀድሞ ያስታውቃል፣ ከመመዝገባችሁ በፊት ያንን እዩ።

ከዚያ የተኩስ መለማመጃ፣ የድንጋይ ካባ፣ የመኪና መወዳደሪያ፣ የሠርግ አዳራሽ የሆነ የእርሻ ጎተራ። (ሳቁ፣ ግን ቅዳሜ ማታ የሠርግ ዲጄ ሁለት ኮረብታ ይሻገራል።) በጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን ውስጥም ለአራት ጎማ ሞተሮች የተፈቀዱ መንገዶች አሉ፣ ፒተርስ ሚል ረን የሚባለው አንዱ ነው። የደኑ ካርታ ላይ ለይቶ ስለሚያሳይ ከዚያ መራቅ ቀላል ነው።

አውራ ጎዳና ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። አንድ ቦታ ላይ ያለ ድምፅ፣ ጄኔሬተር በሉት፣ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ጎዳና ግን ረጅም መስመር ስለሆነ የሚቀንሰው ወደ 3 ብቻ ነው። ለዚህ ነው ሀይዌይ ሩቅ ሆኖም የሚሰማው። ማታ ደግሞ ይብሳል፦ መሬቱ ሲቀዘቅዝ ከመሬት አጠገብ ያለው አየር ይቀዘቅዛል፣ ድምፅም ወደላይ መበተኑን ትቶ ወደታች ይታጠፋል። ቀን 10 ሰዓት ላይ ያልሰማችሁት መንገድ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ድንኳናችሁ አጠገብ ያለ ይመስላችኋል። አንድ ረድፍ ዛፍ አያድናችሁም። ኮረብታ ያድናል። በእናንተና በመንገዱ መሐል ጉብታ ካለ እሰየው። የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የመንገድ፣ የባቡርና የአውሮፕላን ድምፅን በቀለም የሚያሳይ ብሔራዊ ካርታ በነፃ አውጥቷል፣ እሱንም አንድ ጊዜ ተመልከቱ።

አንድ ጓደኛዬ «ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ የጸጥታ ቀጠና የሚባል አለ፣ መቻልን እዚያ ውሰጂው» ብሎኝ ነበር። አለ በርግጥ፣ በ1958 የተከለለ፣ 13,000 ስኩዌር ማይል የሚሸፍን። ግን የተከለከለው የሬዲዮ ሞገድ ነው፣ የግሪን ባንክ ቴሌስኮፕ እንዳይረበሽ። ተኩስ እንደልብ ነው። የሚጠፋው የስልክ ኔትወርክ ነው፣ ይሄ ደግሞ የእንስሳት ሐኪም መጥራት ለሚያስፈልገው ሰው ጥቅም ሳይሆን ጉዳት ነው። የአካባቢው ተራሮች ግን ወርቅ ናቸው። ሞኖንጋሄላ ብሔራዊ ደን ውስጥ፣ የስቴቱ ከፍተኛ ጫፍ ስፕሩስ ኖብ (4,863 ፊት) አጠገብ ያለው የሐይቅ ካምፕ ከከተማም ከአውራ ጎዳናም የራቀ ነው። መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ ሆዱ የሚረበሽ ውሻ ካላችሁ ከመንዳታችሁ በፊት ብዙ አታብሉት።

4. ካምፑ ውስጥ የቱ ቁጥር?

ካምፕ መረጣችሁ ማለት ግማሹ አለቀ ማለት ነው። ያው ካምፕ ውስጥ 12 ቁጥር ገሃነም፣ 31 ቁጥር ገነት ሊሆን ይችላል። ሪክሪየሽን ዶት ገቭ በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ብዙዎቹ የፌዴራል ካምፖች በቁጥር ከነካርታቸው አሉ፣ አብዛኛውን ከስድስት ወር ቀድሞ መያዝ ይቻላል። ካርታውን አስፉትና እነዚህን ፈልጋችሁ ራቁ፦ መግቢያውን፣ የልጆች መጫወቻውን፣ ለቡድን የሚሰጠውን ሰፊ ቦታ፣ ውኃ መቅጃውን፣ መጸዳጃ ቤቱን። የመጸዳጃው በር ስፕሪንግ አለው። ሌሊቱን ሙሉ ጧ፣ ጧ ይላል፣ ውስጡ እጅ ማድረቂያ ካለማ አታንሱት።

ማንም ያልነገረኝ ደግሞ የብረቱን ሳጥን ነው። ድብ ባለበት አገር አንዳንድ ካምፕ ምግብ የሚቆለፍበት ወፍራም የብረት ሳጥን ያስቀምጣል፣ ቆሻሻ መጣያውም ድብ እንዳይከፍተው ከባድ የብረት ክዳን አለው። አንድ ማታ ጎረቤታችን እራቱን በልቶ ክዳኑን እንዲያው ለቀቀው። ጓ! መቻል ውኃውን እየጠጣ ነበር፣ ሳህኑን ገልብጦ እግሮቼ መሐል ገባ፣ ከዚያ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ አፍንጫው ወደዚያ ሳጥን ነበር። አሁን የራሳችንን ሳጥን በር በሁለት እጄ ይዤ ነው የምዘጋው፣ ከንፈሩ ላይ ፎጣ አጥፌ። ከጋራው ቆሻሻ መጣያ ደግሞ ቢያንስ ስድስት ሰባት ቦታ ርቄ እይዛለሁ።

የምትፈልጉት መውጫ የሌለው መንገድ ጫፍ ላይ ያለውን፣ ከኋላው ሌላ ቦታ የሌለውን፣ በተቻለ መጠን ጄኔሬተር ከማይፈቀድበት ክፍል ነው። ሸናንዶዋ ውስጥ ጄኔሬተር የሚፈቀደው ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓትና ማምሻውን ከ10 እስከ 1 ሰዓት ነው፣ ጭራሽ የማይፈቀድባቸው ቦታዎችም ተለይተው አሉ። የጸጥታ ሰዓቱ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ነው። ከካምፖቹ እኔ የምወደው ትንሹን ሉዊስ ማውንቴንን ነው፣ በፓርኩ ውስጥ በሚያልፈው መንገድ በስካይላይን ድራይቭ 57.5 ማይል ላይ። ሌላው ካምፕ ቢግ ሜዶውስ ሱቅም ምግብም አለው፣ ስለዚህ ሰውም አለው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ስካይላይን ድራይቭ ሞተረኞች የሚወዱት መንገድ ነው፣ ፀሐያማ ቅዳሜ ሲያጓሩ ይውላሉ፣ ስለዚህ ከመንገዱ ራቅ ያለውን ቁጥር ያዙ።

ወራጅ ውኃ አጠገብ ቦታ ካገኛችሁ ሳታመነቱ ያዙት። የጅረት ድምፅ የማያቋርጥ ስለሆነ ትንንሹን ድንገተኛ ድምፅ ይውጠዋል። ሐይቅ ግን ሌላ ነው፣ የረጋ ውኃ የማዶውን ሳቅ ሳይቀር ያመጣላችኋል።

5. ደውሉ

ድረ ገጹ የማይነግራችሁን በሩ ላይ ያለው ሠራተኛ ይነግራችኋል። «ጸጥ ያለ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ ሁሉም አዎ ነው የሚለው። እንዲህ ጠይቁ፦ በነዚህ ቀናት የቡድን ቦታውን ማን ይዞታል? በአቅራቢያ ግንባታ ወይም ዛፍ ቆረጣ አለ? ሌሊት ባቡር ይሰማል? አንቺ ውሻ ቢኖርሽ የቱን ቁጥር ትይዢ ነበር? የመጨረሻዋ ጥያቄ ሁሌም ትሠራለች።

6. ከመነሳታችሁ በፊት

የደነገጠ ውሻ ይሮጣል፣ ስሙንም አይሰማም። ቆዳው ስር ባለው ማይክሮቺፕ የተመዘገበው ስልክ ቁጥር የአሁኑ መሆኑን አረጋግጡ። አንገቱ ላይ ያለው ማሰሪያ ብቻ አይበቃም፣ ወደኋላ ሲስብ ከጭንቅላቱ ይወጣል። ሃርነስ የሚባለውን የደረት ማሰሪያ ጨምሩና ገመዱን ከሁለቱም ጋር አያይዙ። በብሔራዊ ፓርኮች ገመዱ ከ6 ፊት መብለጥ የለበትም። ሲያድር ድንኳኑን አትመኑ። የመቻል ገመድ ሌሊት ወገቤ ላይ ነው።

ፍርሃቱ የከፋ ከሆነ ሐኪሙን ቀድማችሁ አነጋግሩ፣ ቢያንስ ከወር በፊት። ለዚሁ ለድምፅ ፍርሃት ተብሎ በ2015 በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የጸደቀ ሲሊዮ የሚባል ጄል አለ፣ በጉንጭና በድድ መሐል የሚቀባ። ሐኪሞች ትራዞዶን ወይም ጋባፔንቲንም ያዛሉ። አሴፕሮማዚን ብቻውን ከተሰጣችሁ ግን ጠይቁ፤ ሰውነቱን ያደነዝዘዋል እንጂ ፍርሃቱን አያጠፋለትም። የትኛውም ይሁን መጀመሪያ ቤት ውስጥ ሞክሩት። የራሳችሁን የእንቅልፍ ኪኒን እንዳትሰጡት፣ በምንም ዓይነት።

ልምምድም አለ። የነጎድጓድ ቅጂ በስልክ፣ በጣም ዝቅ አድርጋችሁ፣ የተቀቀለ ዶሮ እየሰጣችሁ። ጆሮውን ካቆመ ይቀጥል፣ መብላት ካቆመ ድምፁ በዝቷል። ሳምንታት ይፈጃል፣ አትቸኩሉ። ስለ ምግብ ካነሳን፣ ቋንጣችሁን ለራሳችሁ ያዙት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፣ እኛ ቤት ደግሞ ሽንኩርት ያልነካው ሥጋ ብርቅ ነው።

7. ስትደርሱ

በብርሃን ድረሱ። ዕቃ ሳታወርዱ ውሻውን ይዛችሁ ቦታው ላይ አሥር ደቂቃ ቁሙ፣ ዝም ብላችሁ። ከዚያ ዶሮ ስጡት። ከበላ ጥሩ ነው። ጭራውን ሸጉጦ፣ ሳይሞቀው እያለከለከ፣ ከንፈሩን እየላሰ፣ ሳይደክመው እያዛጋ ዶሮውን ከተወው ቦታው አልተስማማውም። ሌላ ቁጥር ካለ ያኔውኑ ጠይቁ፣ ድንኳን ከተተከለ በኋላ ስንፍና ይመጣል።

መኪናችሁን በድንኳኑና ድምፅ በሚመጣበት አቅጣጫ መሐል አቁሙ። የፍራሽ መንፊያ ፓምፕ ካላችሁ አንዳችሁ ውሻውን ለእግር መንገድ ስትወስዱ ሌላው ይንፋ። የድንኳኑን የዝናብ ልባስ ወጥሩት፣ የላላ ሸራ በነፋስ ሲመታ እንደ ጅራፍ ይጮሃል። እርጥብ እንጨት ስለሚፈነዳ አታንድዱ። እኔ ማታ የመቻልን የመኝታ ሳጥን ድንኳኑ ውስጥ አስገብቼ አሮጌ ጋቢ አለብሰዋለሁ። ጋቢው ድምፅ ያፍናል፣ የቤት ሽታም አለው። በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ቬንቲሌተርም አጠገቡ።

ቢደነግጥስ? እቀፉት። «ካባበልከው ፍርሃቱን ታስተምረዋለህ» የሚባለው የድሮ ወሬ ነው፣ ፍርሃት እንደ ቁጭ በል ትእዛዝ በሽልማት የሚጠነክር ነገር አይደለም። መቆጣቱ ግን በእርግጥ ያብስበታል።

8. ሰማዩ ቢያጉረመርም

ከጁን እስከ ኦገስት እነዚህ ተራሮች ላይ ከሰዓት በኋላ መብረቅ የተለመደ ነው። የአየር ትንበያ በየጠዋቱ እዩ። መጀመሪያ ጉርምርምታ ሲሰማ ወደ መኪና። ድንኳን ከመብረቅ አያድንም፣ መስኮቱ የተዘጋ መኪና ያድናል፣ ድምፁንም ይቀንሳል። ሬዲዮ ክፈቱ፣ ጋቢውን አልብሱት፣ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ውሻውን ብቻውን ግን መኪና ውስጥ አትተዉት፣ ዝናቡ አቁሞ ፀሐይ ስትወጣ ምድጃ ነው የሚሆነው።

9. መውጫችሁን አስቡ

መኪናዬ ሁሌ አፍንጫዋ ወደ መውጫው ነው የምትቆመው። ቁልፉ ጫማዬ ውስጥ ነው። የመቻል ዕቃ አንድ ቦርሳ ውስጥ ነው፣ እሱ ብቻ ከተነሳ በቂ ነው፣ ድንኳኑን በማግስቱ ተመልሼ እነቅላለሁ። አምና አንድ ማታ አጠገባችን የልደት ድግስ የያዙ ሰዎች መጡና 3 ሰዓት ላይ ፊኛ ማፈንዳት ጀመሩ። አልተጣላሁም፣ ልጆች ናቸው። ቦርሳውንና መቻልን ጭኜ ወጣሁ። 20 ደቂቃ እንደነዳሁ ከኋላ ኩርፊያው ተሰማኝ። ያስያዝኩት ሁለተኛ ሌሊት 30 ዶላር ቀለጠ፣ ካምፑ ማስታወሻዬ ላይ «ማክሰኞ ብቻ» ተብሎ ተጻፈ።